አናት የሌላት አምስት

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ እዚሁ ሚዛን ተፈሪ፣ የጎረቤቴ ልጅ የአስራ አንደኛ ክፍል የሂሳብ ደብተሯን ይዛ መጣች። በማግስቱ ፈተና ነበረባት። ደብተሩን ስገልጠው ደሜ ፈላ። በቀይ እስክሪብቶ፣ ዙሪያው በሳጥን ተከቦ፣ እንዲህ የሚል ሰፍሮበታል፦ «ፋንክሽኑ ሙሉ ይሁን ጎዶሎ ለማወቅ አናቱን እይ። አናቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሙሉ ከሆኑ ሙሉ ነው። ጎዶሎ ከሆኑ ጎዶሎ ነው።»

«ይሄን ማነው ያስተማረሽ?» አልኳት።

«ቲቸራችን ነዋ፣ እትዬ አስካለ። ቀላል እኮ ነው! አስር ሰከንድ አይፈጅም።»

አስር ሰከንድ! ጮኼባት ኖሯል፤ ልጅቷ ደብተሯን ሰብስባ ልትነሳ ስትል ነው የታወቀኝ። አባብዬ አስቀመጥኳትና የመምህሯን ስም ጠየቅኳት። ነገረችኝ። ቴፒ ሳለሁ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ የምጮህበት ሰው አጣሁ፤ ምክንያቱም ደንቡን የፈጠርኩት እኔው ነኝ። እሱ ከኔ ሰሌዳ ላይ ነው የገለበጠው። በዚህ ደንብ ምክንያት አንዲት ተማሪ ልክ ሆና ሳለ ከትምህርቷ ቀርታለች። «የሥራ ዘመንሽን ጻፊው» እያሉ የሚወተውቱኝ ባልደረቦቼ ስለ ምስክር ወረቀቱና በስንብቱ ዕለት ስላለበሱኝ ጋቢ እንድጽፍ ነበር የፈለጉት። እኔ የምጽፈው ይሄንን ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ፋንክሽን ማለት ቁጥር ስንሰጠው ሌላ ቁጥር የሚመልስ ደንብ ነው። ሦስት ሰጥተነው ዘጠኝ ከመለሰ፣ ኔጌቲቭ ሦስት ስንሰጠውም ያንኑ ዘጠኝ ከመለሰ፣ ለሁሉም ቁጥር እንዲህ ካደረገ፣ እንግሊዝኛው «ኢቨን» ይለዋል። ሁለት ስንሰጠው ስምንት፣ ኔጌቲቭ ሁለት ስንሰጠው ደግሞ ኔጌቲቭ ስምንት የሚመልስ ከሆነ፣ ሁልጊዜም እንዲህ ከሆነ፣ «ኦድ» ነው። ከሁለቱም ያልሆነው «ኒዘር» ይባላል፤ እሱም ከሁለቱ ይበዛል። እኛ ግን ስሙን ከቁጥር ተውሰን «ሙሉ» እና «ጎዶሎ» አልነው። መዘዙ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቁጥር ሲሆን ወይ ሙሉ ነው ወይ ጎዶሎ፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። ፋንክሽኑንም ተማሪው እንደዚያው ይቆጥረዋል፤ ተማሪው ብቻ ቢሆን ደግሞ ደግ ነበር።

ማሻ የተመደብኩት ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት አንደኛ ደረጃ አስተምር ነበር፤ ክረምት ክረምት እየተማርኩ ዲግሪዬን ስይዝ ሁለተኛ ደረጃ አስገቡኝ። የማሻ ዝናብ አያባራም። ጉሙ መስኮት ላይ ተለጥፎ ስለሚውል ከኋላ የሚቀመጥ ተማሪ ሰሌዳው በደንብ አይታየውም። ደሞዝ አልፎ አልፎ ይዘገይ ነበር፤ የሚሞላ ቅጽ ግን አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም።

የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ በላቸው ይባላሉ። ማሻ ተወልደው ያደጉ፣ የአገሩን ቋንቋ ከአማርኛው እኩል የሚናገሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገረኛ ሰው ነበሩ። ነገረኛ ስል ለክፋት አይደለም፤ አንዲት መስመር ሳይጠይቁ አያሳልፉም ለማለት ነው። ሳስተምር መጥተው ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። ፋንክሽኑን ጽፌ ኔጌቲቩን ልተካ ስል፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ አስካለ» ይላሉ። «መጀመሪያ ኔጌቲቩ ቤት አለ ወይ? ሳትጠሪ ሰው ቤት ዘው ትያለሽ?» ደንቡ የሚቀበለው ፖዘቲቭ ቁጥር ብቻ ከሆነ ኔጌቲቩ እዚያ ቤት የለም፤ ስለዚህ ፋንክሽኑን ኢቨን ነው ኦድ ነው እያሉ መጨቃጨቅ ከንቱ ድካም ነው። መጽሐፉ ይህንን በአንድ መስመር ያልፈዋል። እሳቸው አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጡት ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ወረቀት ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቦምቦሊኖ የምትጠብስ ሴት ነበረች። ጋሽ በላቸው ግራፉን በእርሳስ ስለው ይሄዱና ወረቀቱን ከዘይቷ ያስነኩታል። ዘይት የጠጣ ወረቀት አሻግሮ ያሳያል። ክፍል ገብተው መስኮቱ ላይ ያስጠጉትና በቁመቱ መሃል ለመሃል ያጥፉታል፤ ግራና ቀኙ ልክክ ካለ ኢቨን ነው። ካላለ ወረቀቱን ይዘረጉና ጀርባውን ሳያዞሩ የላዩን ወደ ታች አድርገው ይገለብጡታል፤ ተገልብጦም ያው ራሱን ከሆነ ኦድ ነው። በሁለቱም እምቢ ካለ፣ «ተዉት፣ ይሄ የራሱ ሰው ነው» ይላሉ። ተማሪው ይስቃል። ከሳቀ በኋላ አይረሳውም።

«ጎዶሎ» የሚለውን ቃል ክፍላቸው ውስጥ አያስጠሩም። «ምኑ ነው የጎደለው?» ይሉ ነበር እየተቆጡ። «ተገልብጦም ራሱን የሚሆን ነገር ጎዶሎ ይባላል? እንዲህ ያለ ሰው እንኳ የት ይገኛል!» በምትኩ «ተጣጣፊ» እና «ተገልባጭ» የሚሉ ስሞች አወጡ። ዘመኑ ግን መንግሥት የተገለበጠበት፣ ትናንት ለአንዱ ያጨበጨበ ዛሬ ለሌላው የሚያጨበጭብበት ዘመን ነው። በመምህራን ግምገማ ላይ አንዱ ካድሬ ተነሳና «መምህር በላቸው ክፍል ውስጥ ተገልባጭ የሚሉት ማንን እንደሆነ ያብራሩልን» አለ። ጋሽ በላቸው ከኪሳቸው የዘይት ወረቀታቸውን አወጡና በጉባኤው ፊት ገልብጠው አሳዩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቃሉን ግን እንዲተዉ ታዘዙ። ይታያችሁ! ለልጅ የሚገባ ቃል ሲገኝ ይከለከላል፤ «ጎዶሎ» ግን ከልካይ ሳይኖርበት ስንቱን ሲያሳስት ይኖራል።

ከሁሉም በላይ የማስታውሰው ግን የሰሌዳውን ቀኝ ጥግ ነው። እዚያች ጥግ ላይ ሌላ ነገር አይጻፍም። ጋሽ በላቸው ሲሳሳቱ፣ ተማሪ ያርማቸው ራሳቸው ይድረሱበት፣ ስህተቱን እዚያ ያሰፍሩትና ከሥሩ «የበላቸው ስህተት» ብለው ይጽፉበታል። ሳምንቱን ሙሉ አይጠፋም። ዳስተር የያዘ ተማሪ ሊያጠፋው ሲል፣ «እሱን ተወው፣ የኔ ንብረት ነው» ይሉታል። አንድ ቀን፣ «ጋሽዬ፣ ተማሪ ይንቅዎታል እኮ» አልኳቸው። ጠመኔያቸውን አራግፈው፣ «ስህተት ባለቤት ካጣ ልጁ ላይ ነው የሚወድቀው፣ አስካለ» አሉኝ። ሰማኋቸው እንጂ አልገባኝም ነበር።

ከማሻ ጌጫ አዛወሩኝ። የጌጫው ርዕሰ መምህር ስለ ሂሳብ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት በመቶ ተማሪ እንዳለፈ። «ተማሪ አይወድቅም፣ የሚወድቀው መምህር ነው» ይል ነበር በየስብሰባው። ሲሰሙት ጥሩ አባባል ይመስላል። ትርጉሙ ግን «አስተምሩ» አልነበረም፤ «አሳልፉ» ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ በዚህ ተገምግሜያለሁ። በመጀመሪያው ተከራከርኩ፤ በሁለተኛው ዝም አልኩ። ከጌጫ ስለቅ ይህ ፈሪነት አብሮኝ ዕቃዬ ላይ ተጭኖ ቴፒ ወረደ።

ቴፒ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ሙቀቱ ሌላ፣ ወባው ሌላ፣ ዝንጅብሉና እርዱ በየደጁ ተሰጥቶ የሚውልበት ከተማ ነው። ተማሪዎቼ የሸኮ፣ የሸካቾ፣ የመዠንግር፣ የከፋ፣ ከመሃል አገር የመጡ ሰዎችም ልጆች ነበሩ፤ በቤታቸው የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ እርስ በርስ በአማርኛ ይግባባሉ፣ የሚፈተኑት በእንግሊዝኛ ነው። «እርስዎ» ማለት አያበዙም። «ቲቸር፣ አንቺ» ይሉኛል፤ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ፕላዝማ የመጣው እዚያ እያለሁ ነው። በየክፍሉ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለና ትምህርቱ ከሳተላይት ይወርድ ጀመር። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይወረወርለታል። በመሃሉ ያለውን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው በሚከንፍ እንግሊዝኛ ይጨርሰዋል። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ማንም አይመልስለትም፣ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ይቀጥላል። ምኑ ነው ቬሪ ጉድ? ቆም በል አይባል ነገር ጆሮ የለው። ያን ሁሉ ክረምት የተማርኩ ሰው ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆንኩ። ያኔም ተናድጃለሁ፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ።

ኢቨንና ኦድ ፋንክሽን በፕላዝማው በአንድ ቀን አለቀ። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ክፍል ሙሉ ልጅ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ደወሉ ሊደወል ምንም አልቀረውም። በዚያች ጊዜ ወረቀት ልጠፍ፣ ኔጌቲቩ ቤት አለ ወይ ልበል? ጠመኔውን አነሳሁና፣ «በቃ፣ አናቱን እዩ!» አልኳቸው። ኤክስ በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ አናቱ ላይ ሦስት ይጻፋል፤ ሦስት ጎዶሎ ነው፤ ፋንክሽኑም ጎዶሎ። አናቱ ላይ ሁለት ወይ አራት ካለ ሙሉ። ልጆቹ ፊታቸው በራ። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ከዓመት ዓመት ያንኑ ደገምኩት፤ ሌሎች መምህራንም ከኔ ወሰዱት፤ የማለፊያው ቁጥርም ከፍ አለ። በግምገማ ላይ ተመሰገንኩ።

ደንቡ ቀዳዳ እንዳለው የማላውቅ ሆኜ አይደለም፤ ማየት ትቼ ነው። «ኤክስ ኩብ ሲደመር አምስት» እንበል። ኤክሷ አናቷ ላይ ሦስት አለ። አምስቷ አናት የላትም፤ ስለዚህ አናት የሚያይ ሰው ዘሏት ያልፋል። እውነቱ ግን አምስቷ የማይጻፍ ዜሮ አናቷ ላይ አለ፤ ዜሮ ደግሞ ሙሉ ቁጥር ነው። አንዱ ጎዶሎ አንዱ ሙሉ ሲሆን ፋንክሽኑ ከሁለቱም አይደለም። ኤክስ ስኩዌር ሲደመር አምስት ቢሆን ሁለቱም ሙሉ ስለሆኑ አምስቷን ብንረሳትም መልሱ አይበላሽም። እኔ ለምሳሌ የማመጣው ሁልጊዜ እንዲህ ያለውን ነበር።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ፕላዝማው ሲጨልም እኔ ነፍስ ዘራሁ። ከሻይ ቤት ዘይት አስመጣሁና የጋሽ በላቸውን ትምህርት አንድም ሳላስቀር አስተማርኩ፤ ማጠፉን፣ መገልበጡን፣ «የራሱ ሰው» የሚለውንም። ሲያልቅ አንዲት ልጅ ከመጨረሻው ረድፍ መጣችና፣ «ቲቸር፣ ይቺን ወረቀት ልውሰዳት?» አለችኝ። አየለች ትባላለች። ከቴፒ ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች የሸኮ ልጅ ናት፤ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፣ አርብ አርብ በእግሯ ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳ እሁድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ሰጠኋት። ዘይቱ ደብተሯን እንዳያበላሽ በፌስታል ጠቅልላ ያዘቻት።

በዚያው ዓመት አየለችን ወባ ጣላትና የመንፈቁ አጋማሽ ፈተና አመለጣት። የሕክምና ወረቀት ስላልያዘች ዜሮ ተያዘባት። በእረፍት ሰዓት ጠራኋትና አጽናናኋት። «ማለፍ አለብኝ፣ ቲቸር» አለችኝ። «አባቴ ‹ዓመት የደገምሽ ቀን ትመለሻለሽ› ብሎኛል።» በሂሳብ ከሃምሳ በታች ያገኘ ይደግማል የሚባልበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ጥያቄ ይዛ ትመጣ ነበር፤ እኔም እንደምታልፍ እርግጠኛ ሆንኩ።

የዓመቱ መጨረሻ ሲቃረብ በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶች በአንድ ፈተና ይፈተኑ ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሂሳቡን እኔ እንዳወጣ ተደረገ። ሁለት ቀን ነበር የተሰጠኝ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ይሄ ነው፦ «ኤክስ ኩብ ሲደመር አምስት ኢቨን ነው ወይስ ኦድ? ሠርታችሁ አሳዩ። አራት ነጥብ።» መልሱን ሳዘጋጅ አናቱን አየሁ። ሦስት። «ኦድ» ብዬ ጻፍኩ።

እርማቱ በልውውጥ ስለነበር የኛን ልጆች ወረቀት ያረመው የሌላ ትምህርት ቤት መምህር ነው። መልሱን አጠገቡ አስቀምጦ ነው ያረመው፤ እሱን ምን እለዋለሁ? ካርድ በተሰጠ ዕለት አየለች ወረቀቷን ይዛ የመምህራን ክፍል ድረስ መጣች። አርባ ሰባት አግኝታለች።

«ቲቸር፣ ይቺን እዪልኝ። ስህተት ያሉኝ ልክ ነው።»

ወረቀቱን አየሁ። ኔጌቲቩን ተክታለች፣ ሁለቱን መስመር ለይታ አውጥታለች፣ ጥጉ ላይ ትንሽ ግራፍ ስላለች፣ ከሥሩ «ኒዘር» ብላለች። በላዩ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ ተሰምሯል።

«ገልብጬ አየሁት» አለችኝ። «አምስቱ ከላይ ነበር፣ ሲገለበጥ ወደ ታች ወረደ። ራሱን አልሆነም።»

መምህራኑ ከወረቀታቸው ቀና ቀና አሉ። ፈተናውን ያወጣሁት እኔ መሆኔን ያውቃሉ፤ እሷ አታውቅም። «ፋንክሽን ወይ ሙሉ ነው ወይ ጎዶሎ ነው» አልኳት። «ጥያቄውም የሚልሽ ይሄንኑ ነው። ከሁለቱ አንዱን ስትባዪ ሦስተኛ ትፈጥሪያለሽ?»

«አንቺ ነሽ እኮ ‹የራሱ ሰው ነው› ያልሽን» አለች ቀስ ብላ።

«ፈተናው አይሳሳትም። ሂጂ አሁን፣ ሥራ አለብኝ።»

ወረቀቷን አጥፋ ወጣች። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። እኔ ቤቴ ገብቼ ምሳ እንኳ ሳልበላ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። አንድ ብንሰጠው ስድስት ይመልሳል፤ ኔጌቲቭ አንድ ብንሰጠው አራት ይመልሳል። ስድስትና አራት። እኩል አይደሉም፣ ተቃራኒም አይደሉም። የሁለት መስመር ሥራ ነው! የሰባተኛ ክፍል ልጅ የሚሠራው።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ አቶ ታምሩ ዘንድ ገባሁ። ነገርኩት።

«እና ምን ይደረግ ነው የምትይው?» አለኝ። «ኦድ ብሎ የመለሰው ልጅ ሁሉ አራት አራት ይቀነስበት? ስንቱ ነው የሚወድቀው?»

«አይቀነስበት። ልክ ለመለሱት ብቻ ይጨመርላቸው።»

«ጥሩ። እንግዲያው ጻፊ። ‹ያወጣሁት ጥያቄ መልሱ ስህተት ነው› በይና ፈርሚበት። ዛሬውኑ እልከዋለሁ።»

ለብዙ ዓመታት ይህንን ሰው አማሁት። «ወረቀት ወረቀት የሚል ቢሮክራት» እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ ተናገርኩ። ሰውየው ግን ምን አጠፋ? መደረግ ያለበትን ነው የነገረኝ። ወረቀቱን ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚያ ሰሞን የመሪ መምህርነት ማዕረግ ፋይሌ እየታየ ነበር። «መሪ መምህር ለመሆን የታጨች ሴት ኢቨንና ኦድ አትለይም» ሲባል ታየኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ሐምሌ አለቀ። ማዕረጉ ነሐሴ ላይ ጸደቀ፤ እኔም ከጸደቀ በኋላ ደብዳቤውን ጻፍኩ። ርዕሱን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ «በፈተና ዝግጅት ሂደት ላይ ስህተት መፈጠሩን ስለማሳወቅ»። ስህተት ተፈጠረ! እንደ ጉም ከጫካው ወጥቶ ነው እንዴ የሚፈጠር? ክፍተት ታየ፣ ጉድለት ተስተዋለ፣ ስህተት ተፈጠረ እያልን ስንት ዘመን ኖርን። በዚህ አገር የቢሮ አማርኛ የሚያጠፋ ሰው የለም፤ ጥፋት ብቻ ነው ያለው።

የታረመው ካርድ ጳጉሜ ላይ ወጣ። ሃምሳ አንድ። መስከረም ላይ ምዝገባ ተጀመረ፤ አየለች አልመጣችም። ጓደኞቿን ብጠይቅ «አታውቂም እንዴ፣ ቲቸር? አባቷ ሰደዷት» አሉኝ። ካርዱን ይዤ በጭቃው ወደ ቀበሌያቸው ሄድኩ። አባቷ ደጃቸው ላይ እርድ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ይጠሩታል።

«አየለች የለም» አሉኝ። «አጎቱ ጋር ሄደ። ሩቅ ነው።»

«ለምን ሄደች?»

«ወደቀ። መውደቅ ምንም አይደለም፣ ሰው ይወድቃል። እኔን ዋሸ። ‹አልወደቅኩም፣ ፈተናው ነው የተሳሳተው› አለኝ። ፈተና ይሳሳታል? መንግሥት ያወጣው ፈተና? ለአባቱ የሚዋሽ ልጅ ከተማ ብቻውን አይቀመጥም።»

ካርዱን ዘርግቼ አሳየኋቸው። «አልፋለች። ስህተት ተፈጥሮ ነበር፣ አሁን ታርሟል።»

«ማን ነው የፈጠረው?» አሉኝ።

ሽማግሌው የጠየቁኝ ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር። ከርዕሰ መምህሩ፣ ከኮሚቴው ሁሉ ማንም ያልጠየቀኝን። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው። «ኮሚቴው» አልኳቸው።

«ኮሚቴ» አሉ። ካርዱን አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ። «ካርድ ይቀየራል ሲሉ እሰማለሁ። ልጁ ለምኖሽ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም፣ አባባ።»

«እሺ» አሉ። አላመኑኝም። ማመንስ ለምን ይመኑኝ? በእጃቸው ወዳለው እርድ ተመለሱ፤ እኔም ካርዱን ይዤ ወደ ቴፒ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ፕላዝማውን ረገምኩ፣ ኮሚቴውን ረገምኩ፣ ፈተናውን እንዳወጣ የተሰጠኝን ሁለት ቀን ረገምኩ። ሁሉም እርግማን የሚገባቸው ናቸው፤ ያንን አልመልስም። ክፍል ውስጥ «አናቱን እዩ» ማለት ተውኩ። ለምን እንደተውኩት ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ስለዚህ ደንቡን ከኔ የወሰዱት ሁሉ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ጋሽ በላቸው የሰሌዳውን ጥግ የያዙት ለዚህ እንደነበር የገባኝ እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያስተማርኩት ሚዛን ነው። እዚህ እንደመጣሁ አየለች ሚዛን ገበያ ውስጥ ቅመም እንደምትሸጥ አንድ የድሮ ተማሪዬ ነገረኝ። ሰማሁና በዚያ በኩል መሄድ ተውኩ። ኮረሪማ ስፈልግ ሰው እልካለሁ። አዎ፣ ይህን ሁሉ ዓመት! የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ በመጣች ሳምንት ግን ራሴው ሄድኩ።

እርድና ጥምዝ በየጆንያው ደርድራ ተቀምጣለች። ሳያት ወዲያው ለየኋት፤ እሷም ለየችኝ። «ቲቸር አስካለ!» ብላ ተነስታ ሳመችኝ። መቀመጫዋን ለቀቀችልኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ጡረታዬ ጠየቀችኝ። ጨዋታው ሳይወስደኝ አቋረጥኳትና፣ «አየለች፣ ያንን ፈተና ያወጣሁት እኔ ነበርኩ» አልኳት። «አንቺ ልክ ነበርሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

የጆንያውን ጥምዝ በእጇ ደልደል አደረገች።

«ልክ መሆኔንማ አውቃለሁ» አለች። «እኔ ያኔ ወረቀቱን ይዤ የመጣሁት ለነጥቡ መስሎሽ ነው? አባቴ ካንቺ አፍ እንዲሰማ ነበር የፈለግኩት። ‹ዋሽታኛለች› እንዳለ ነው የሞተው።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ቢኖርም ለማን እንደምሰጠው አላወቅኩም።

«ወንድሞቼ ግን አሉ» አለች። «እሁድ ከቸርች ሲወጡ ቤት ይመጣሉ። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ነገር ስሳሳት ‹ፈተናው ነው የተሳሳተው› እያሉ ያሾፉብኛል። ልጆቼ ፊት። ለነሱ ንገሪልኝ።»

እሁድ ሄድኩ። ሁለቱም ወንድሞቿ ነበሩ፤ ልጆቿም ነበሩ። ቡና ሳይቀርብ፣ ነገር ሳይለዝብ ነገርኳቸው። ጥያቄውን ማን እንዳወጣው፣ መልሱን ማን እንደጻፈው፣ ደብዳቤው ለምን ሁለት ወር እንደዘገየ፣ አባታቸው ደጅ ቆሜ ምን እንዳልኩ። አንዱንም «ተፈጠረ» አላልኩም። ታናሽየው መሬት መሬት ያይ ጀመር። ታላቅየው እስከ መጨረሻው ሰማኝና እኔን ትቶ ወደ እህቱ ዞረ።

«ታዲያ አንቺ ለምን አልነገርሽንም?» አላት።

«ነግሬያችሁ ነበር» አለች።